ዕርቅ የሚነበብበት መደርደሪያ፦ የሰላምና የግጭት ጥናት ከሰቃ ሲታይ

ከጅማ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ ቦንጋና ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ሰቃ ትገኛለች፤ የሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ ዋና ከተማ። አገሩ የቡና አገር ነው። የለቀማ ወራት ሲገባ ከገንዘቡ ጋር ነገርም አብሮ ይመጣል። ድንበር ተሻግሮ የተለቀመ እሸት ቡና፣ ከአባት በቀረ ማሳ ላይ የወንድማማቾች ክርክር፣ ለለቃሚ ሳይከፈል የከረመ ሒሳብ፣ ችግኝ የረገጠ ከብት። ከእነዚህ አንዱ ወረዳ ፍርድ ቤት ከደረሰ የመዝገብ ቁጥር ይወጣለታል፤ የክስ ማመልከቻ፣ መልስ፣ የምስክር ቃል፣ ውሳኔ ይጻፍበታል። ጃርሳ ቢያ፣ ማለትም የአገር ሽማግሌዎች ዘንድ ከሄደ ግን አካሄዱ ሌላ ነው። ሁለቱም ወገኖች ያመኑባቸው ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ተበዳይም በዳይም ነገሩን ለሽማግሌ እንዲሰጡ ይጠየቃሉ፤ እየተነሡ እየተመከሩ፣ እየተቆጡም እየተለመኑም ካሣው ይቆረጣል። በመጨረሻ ዱዓ ተደርጎ፣ ቡና ተጠጥቶ ሰው ወደየቤቱ ይሄዳል። በማግስቱ ያን ሁሉ ድካም የሚያስረዳ አንድ ወረቀት አይገኝም።

ይህ ዳሰሳ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ስለ ሰላምና ግጭት የተከማቸው እውቀት ምን ይዟል? የት ተቀምጧል? ማንስ ያነበዋል? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ዘርፉ ጠብን አጥርቶ ያውቀዋል፤ ዕርቅን ግን ገና በቅጡ አላወቀውም። ጠብ ሰነድ ትቶ ይሄዳል፣ ዕርቅ አይተውም። ቤተ መጻሕፍቶቻችንም ወደ ጠቡ ያጋደሉት ስለዚህ ነው።

ዘርፉ በዕድሜው ገና ነው። ሰላም ለረጅም ዘመን የሃይማኖት አባቶች፣ የፈላስፎችና የሕግ ሰዎች ጉዳይ ሆኖ ኖረ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከልና ማግስት ግን ነገሩን እንደ ሳይንስ የያዙ ሰዎች ተነሡ። ለአየር ጠባይ ትንበያ ስሌት መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ሊዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ጦርነቶችን በሟቾቻቸው ብዛት መድቦ መቁጠር ጀመረ። አሜሪካዊው ኩዊንሲ ራይት እ.ኤ.አ. በ1942 ስለ ጦርነት ግዙፍ ጥናት አሳተመ። በ1948 ኢንዲያና ውስጥ የሚገኘው ማንቸስተር ኮሌጅ የሰላም ጥናትን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ያዘ፤ በ1957 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የግጭት አፈታት ጆርናል ተመሠረተ። በ1959 ኖርዌያዊው ዮሃን ጋልቱንግ ኦስሎ ላይ የሰላም ምርምር ተቋም አቋቋመ። የስቶክሆልሙ ተቋም በ1966፣ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ክፍል በ1971፣ የብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክፍል በ1973 ተከተሉ። በ1980 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮስታ ሪካ ላይ እንዲቋቋም ወሰነ፤ ይኸው ዩኒቨርሲቲ ኋላ የአፍሪካ ፕሮግራሙን አዲስ አበባ ላይ ከፍቷል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለእኛ አንባቢ በጣም የሚጠቅመው ጋልቱንግ በ1969 ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው ሐሳብ ነው። እሱ እንደሚለው የተኩስና የዱላ አለመኖር ግማሽ ሰላም ነው። ሰው ማንም ሳይመታው ሊጎዳ ይችላል፤ ሊድን በሚችል በሽታ ሲሞት፣ ሊማር ሲችል ሳይማር ሲቀር፣ የድካሙን ዋጋ ሌላው ሲወስድበት። ይህን በሥርዓት ውስጥ የተሠራ ጥቃት አለው። ይህ ጥቃትም የሌለበትን ሁኔታ ብቻ ሙሉ ሰላም ይለዋል።

ይህን ለመረዳት ኦስሎ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የጅማ ታሪክ ይበቃል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በጅማ ነገሡ። በ1880ዎቹ የምኒልክ ኃይል ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲገፋ ከመዋጋት መገበርን መረጡ፤ ግብራቸውን እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን እስከ ዘመናቸው ፍጻሜ ይዘው ቆዩ። ጎረቤታቸው ካፋ ሌላውን መንገድ ሄዶ በ1897 በጦርነት ሲወድቅ ሕዝቡና ምድሩ ምን እንደደረሰባቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ስለዚህ የአባ ጅፋር ውሳኔ በግጭት ጥናት ክፍል ውስጥ ቢነሣ እንደ ብልህ ዲፕሎማሲ ምሳሌ ይጠቀሳል፤ ይገባዋልም። በጅሬን ኮረብታ ቤተ መንግሥቱ ቆመ፤ ከሥሩ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከየአቅጣጫው ነጋዴ የሚሰበስብ ትልቅ ገበያ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ እንኳ በግቤ መንግሥታት፣ ማለትም ጅማን በሚጨምሩት የአካባቢው የኦሮሞ መንግሥታት መካከል ሞጋ የሚባል፣ ሰው የማይሰፍርበት የድንበር ምድር ነበር፤ መውጫ መግቢያው በኬላ ይጠበቃል፤ ነጋዴም መልእክተኛም በዚያ ያልፋል። ይህ ሁሉ ሰላምን ለመጠበቅ በሰው እጅ የተሠራ ነገር ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የጅማን መንግሥት አሠራር ከአባ ቆሮዎቹ፣ ማለትም ከአውራጃ ገዥዎቹ ሹመት እስከ ገበያው በዝርዝር አስቀምጦታል፤ መሐመድ ሐሰንም በ1990 በካምብሪጅ በታተመው የኦሮሞ ታሪኩ ከዚያ በፊት ያለውን የግቤ መንግሥታት ዘመን ጽፎልናል።

ነገር ግን በዚያው ሰላማዊ ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። ጅማ በደቡብ ምዕራብ የባሪያ ንግድ ውስጥ ዋና ማዕከል ነበረች። ነጋዴው ያለ ሥጋት የሚጓዝበት መንገድ ለተሸጠው ሰው የመከራ መንገድ ነበር። የጋልቱንግ ጥያቄ እዚህ ላይ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል፤ ሰላሙ የማን ነበር? ይህን ጥያቄ ሳያነሣ የአባ ጅፋርን ዘመን የሚያወድስ ጽሑፍ ግማሹን ትቷል ብዬ አምናለሁ። የአባ ጅፋርን ብልሃት ሳይጠቅስ ባርነቱን ብቻ የሚያወራም እንዲሁ።

ቡናውም ራሱ ተመሳሳይ ምሳሌ ይሰጣል። በዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት መሠረት አገሮች በኮታ ይሸጡበት የነበረው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረሰ፤ በ2001 የዓለም ገበያ ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሣንቲም በታች ወረደ። በሐረርጌ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ብዙ ነው። በዚያ ጊዜ በገበሬው ላይ ማንም ዱላ አላነሣም። ቢሆንም በየቤቱ የገባው ማጣት የወንድማማቾችን የማሳ ክርክር እንደሚያከር ለማወቅ ሽማግሌ መሆን ብቻ ይበቃል።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንሂድ። አንባቢ ማንኛውንም የዲዊን የአመዳደብ ሥርዓት የሚከተል ቤተ መጻሕፍት ቢገባ የሰላም ጥናትን በአንድ ቦታ አያገኘውም። ግጭትና ግጭት አፈታት 303.6 ላይ ከማኅበራዊ ሳይንስ ጋር ተቀምጧል። በመንግሥታት መካከል የሚደረገው የሰላም ጥረት 327.17 ላይ ነው። ዓለም አቀፍ ሕግ 341፣ የጦር ሠራዊት ጉዳይ 355፣ የብሔረሰቦች ግንኙነት 305.8፣ የመሬት ኢኮኖሚ 333፣ እስልምና 297፣ ልማድና ባህል 390፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ይገኛሉ። በሰቃ ስለሚደረግ አንድ የጉማ ዕርቅ ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ እነዚህን ቁጥሮች በሙሉ መዞር አለበት፤ የገዳዩና የሟች ወገን ካሣ ልማድ ነው፣ ሕግ ነው፣ ሃይማኖት አለበት፣ መሬት አለበት፣ ታሪክ አለበት። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አንድን መጽሐፍ በአንድ ቁጥር ብቻ ማስቀመጥ ስላለበት ስለ ጉማ የተጻፈ ሥራ 390 ላይ ከሠርግና ከለቅሶ ልማድ ጎን ሊቀመጥ ይችላል። 303.6 ላይ የሚፈልገው ተማሪ ባዶ እጁን ተመልሶ «የእኛ አገር ላይ የተጻፈ የለም» ይላል። አለ፤ ሌላ መደርደሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ካታሎጉን በርዕስ ብቻ ሳይሆን ሽምግልና፣ ጉማ፣ ገዳ፣ ካሣ፣ ዕርቅ፣ ጃርሱማ እያሉ በየቃሉ መፈተሽ፣ የአጻጻፍ ልዩነቱንም መሞከር ግድ ነው። በላቲን ፊደል የተመዘገበ የአፋን ኦሮሞ ቃል በሦስትና በአራት ዓይነት አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል።

በአገራችን የዘርፉ ዋና ክምችት አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሆኖ፣ በአገሪቱ ላይ የተጻፈውን መጽሐፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የብራና ቅርስ ይዟል። ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተሩ ነበሩ። የሰላምና የደኅንነት ጥናት ተቋም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ2007 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በሁለተኛ ዲግሪና በዶክትሬት ሲያስተምር ቆይቷል፤ ከ2012 ጀምሮ ባሕር ዳር ላይ ሲሰበሰብ የነበረው የጣና ፎረምም ከዚህ ተቋም ጋር የተያያዘ ነው። ከመንግሥት በኩል የሰላም ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን የማቋቋሚያ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. ወጣ፤ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በ2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። እነዚህ ሁሉ የሚያዘጋጁት ሪፖርትና ቃለ ጉባኤ ነገ የታሪክ ተመራማሪ የሚፈልገው ሰነድ ነው።

ሆኖም በኢትዮጵያ እጅግ ብዙ ሰው ያነበበው የሰላም ጥናት ጽሑፍ በየትኛውም ተቋም መደርደሪያ ላይ በክብር የተቀመጠ መጽሐፍ አይመስለኝም። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ በጋራ የሚወስዱት የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ኮርስ ሞጁል ነው። በውስጡ ስለ አካባቢያዊ አስተዳደርና ስለ ሰላም ማስፈን ባህሎች የሚናገር ምዕራፍ አለ፤ ገዳንም የጋሞን ባህላዊ ሥርዓትም ያነሣል። ምሕንድስና የሚማረውም ግብርና የሚማረውም አንድ ጊዜ ያነበዋል። ፎቶ ኮፒ ቤቶች እያባዙት ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። አንድ ተማሪ ስለ ጎረቤቱ ብሔረሰብ የዕርቅ ወግ በሕይወቱ የመጀመሪያውን በጎ ነገር ያነበበው በዚያ ሞጁል ሊሆን ይችላልና የሞጁሉ ጥራት ከብዙ ጉባኤ የበለጠ ሊያሳስበን ይገባል።

በባህላዊ ዕርቅ ላይ የተጻፈው ሥራ ከኢትዮጵያ የሰላም ጥናት ሁሉ የዳበረው ክፍል ነው። አሉላ ፓንክረስትና ጌታቸው አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2008 ያዘጋጁት የጽሑፎች ስብስብ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክልሎች የመጡ ወጎችን በአንድ ላይ አቅርቦ ከመደበኛው ፍርድ ቤት ጋር ያላቸውን ግንኙነት ፈትሿል። ደጀኔ ገመቹ በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራው የወሊሶ ኦሮሞን የጉማ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ አሳይቷል፤ ገዳዩ ከአካባቢው ሲርቅ፣ ወገኖቹ ሽማግሌ ሲለምኑ፣ ካሣው በዘመድ ሲዋጣ፣ በመጨረሻም ደሙ በሥርዓት ሲደርቅ። ከጅማ አንባቢ እይታ የወሊሶው መጽሐፍ እንደ ጎረቤት ካርታ ነው፤ መንገዱ ይመሳሰላል፣ መታጠፊያው ይለያያል። በጅማ አካባቢ የእስልምና ዱዓና የቃዲ ሥልጣን ከጃርሱማው፣ ማለትም ከሽምግልናው ጋር የተሳሰሩበት አኳኋን ለብቻው መጽሐፍ ይገባዋል።

በዚህ ክምችት ውስጥ ሦስት ክርክሮች ይመላለሳሉ። የመጀመሪያው የሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የልማድ ደንቦች ሻረ፤ እዚያው ግን ከቁጥር 3318 ጀምሮ ለዕርቅ ቦታ ሰጠ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ ፈቀደ። ወንጀል ግን ከዚህ ውጭ ነው። በገጠር ደግሞ ሰው የሚገደልበት ነገር ብዙውን ጊዜ በጉማ ነው የሚያልቀው፤ ተከሳሹ እስር ላይ ሆኖም ቢሆን ወገኖቹ ይታረቃሉ፤ አለዚያ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ የሟችን ወንድም ከበቀል አያግደውም። ይህ በሕጉና በኑሮው መካከል ያለ ክፍተት እስካሁን አልተደፈነም። ኦሮሚያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አዋጅ ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥቶ በቀበሌ ደረጃ እንዲቋቋሙ፣ ይግባኙም በወረዳ ደረጃ እንዲታይ አድርጓል። ዘርፉ ገና አጣርቶ ያላየው ትልቅ ለውጥ ይህ ነው።

ሁለተኛው ክርክር የሴቶች ነው። አብዛኛው የሽምግልና መቀመጫ የወንዶች ነው። አርሲ ውስጥ የሲንቄ በትር ይዘው ጠብ የሚያበርዱ እናቶች አሉ፤ ተመራማሪዎችም ደጋግመው ይጠቅሷቸዋል። ግን ሲንቄን መጥቀስ በመሬት ውርስ ላይ እህት ከወንድሞቿ ጋር ስትከራከር ሽማግሌው ለማን እንደሚያደላ የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። ሦስት ወንድም ቡናውን ተካፍሎ እህቱን «አንቺ ባል አለሽ» ብሎ የሚያሰናብት ዕርቅ ጠቡን ያበርደዋል፤ በደሉን ግን እንዳለ ያስቀምጠዋል። ባህላዊ ዕርቅን ያለ ልክ የሚያሞግሱ የመመረቂያ ጽሑፎች ይህን ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ አልፈውት ይሄዳሉ። ከልቤ የምቃወመው ይህንን ነው።

ሦስተኛው ክርክር የስፋት ነው፤ የሰፈር ሽምግልና የአገር ጠብ ያስታርቃል ወይ? መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ከተፈጸመው ግድያ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጣ ወጣት ለበቀል ሲወጣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። በሌላ በኩል ዞናችን ራሱ ሁለት ጊዜ በሃይማኖት ግጭት ተፈትኗል፤ በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ በአጋሮ አቅጣጫ በሻሻ አካባቢ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አሰንዳቦ አካባቢ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ በወጣበት ጊዜ። በዚህ በጅማ ዞን ግጭትና ማኅበራዊ ትስስር በዕርቁ ውስጥ ባለው ሚና ላይ ዐቢይ አሕመድ፣ የአሁኑ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና የደኅንነት ጥናት ተቋም አቅርበዋል። በ2019 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። እነዚህን ቀኖች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የዘርፉን ትልቁን ያልተፈታ ጥያቄ ያሳያል። አንድ ጉርብትና፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ዕድር የሚጋሩ ሰዎችን የሚያስታርቅ ኃይል አለን፤ ጥናቱም ይህን አሳይቷል። ሠራዊት ያላቸውንና ሥልጣን የሚሻሙትን የሚያስታርቅ ግን ከዚያው ምንጭ በቀጥታ አይቀዳም። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠና ጽሑፍ በጣም ጥቂት ነው።

ከላይ ያነሣሁት የሰነድ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። የጋሞ አባቶችን አገር ሁሉ ያወቃቸው በእጅ ስልክ ስለተቀረጹ ነው። ከዚያ በፊትም ጠብ ያበርዱ ነበር፣ ያልተቀረጸ ስንት ዕርቅ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ግጭቱ ግን ሁሌም ይመዘገባል። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግጭት መረጃ ቋት በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 25 ሰው በውጊያ የሞተበትን የትጥቅ ግጭት ብሎ ይመድባል፤ 1,000 ሲሞላ ጦርነት ይለዋል። አክሌድ የተባለው ሌላው ድርጅት በየቀኑ የሚፈጸሙ ጥቃቶችን በቦታና በቀን ይመዘግባል፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህም ለኢትዮጵያ ብቻ የተለየ የመከታተያ ፕሮጀክት ነበረው። እነዚህ ቋቶች ውድ ናቸው፤ ያለ እነሱ ሟቾቻችን ቁጥር እንኳ አያገኙም ነበር። ነገር ግን ሽማግሌዎች ሌሊቱን ተቀምጠው ያስቀሩት ግድያ የሚገባበት ዓምድ የላቸውም። ተመራማሪው የሚሠራው ባለው መረጃ ነውና ሃምሳ ጽሑፍ ግጭት ለምን እንደተነሣ ሲያብራራ ሌላ ቦታ ለምን እንዳልተነሣ የሚጠይቀው አንድ ወይም ሁለት ነው። በሻሻ ሲነድድ አጎራባች ቀበሌ ለምን ሳይነድድ ቀረ? ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው ጥያቄ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የቋንቋ ነው። አንድ ተማሪ ለሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፉ ወደ ገጠር ይወርዳል። ሽማግሌው በአፋን ኦሮሞ ያወራል፤ ተማሪው በማስታወሻው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እያቀላቀለ ይይዛል፤ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ያቀርባል። ጽሑፉ ተጠርዞ አማካሪው ዘንድ፣ ትምህርት ክፍሉና ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይቀመጣል። ሽማግሌው የተናገረው ወደ እሱ የሚመለስበት መንገድ የለም፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በእንግሊዝኛ ካላነበበው በስተቀር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ የሚያሳትመው ገዳ ጆርናል ከዚህ ልማድ ወጣ ያለ በጎ ጥረት ነው። የኦሮሚያ አዋጆችም በመገለታ ኦሮሚያ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚወጡ የባህል ፍርድ ቤቶቹን አዋጅ ሽማግሌው ራሱ ማስነበብ ይችላል።

ለመሆኑ ዛሬ ሰቃ ላይ የተቀመጠ፣ ስልክ ያለው አንባቢ ምን ያህል መድረስ ይችላል? ከሚገመተው በላይ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማኅደር ያለ ክፍያ ይከፈታል፤ የሰላምና የደኅንነት ተቋሙ ጽሑፎች እዚያ ይገኛሉ። ናድሬ የተባለው የአገሪቱ የአካዳሚ ዲጂታል ማኅደር የየዩኒቨርሲቲውን ሥራ በአንድ ለመሰብሰብ የተቋቋመ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የሚመራው የአፍሪካ ጆርናሎች መድረክ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ጆርናሎችን ጨምሮ ያቀርባል። ደርባን ላይ የሚገኘው አኮርድ የሚያሳትመው የአፍሪካ ግጭት አፈታት ጆርናል በነጻ ይነበባል፤ የሃምቡርጉ ኤቲዮፒካ ጆርናልም እንዲሁ። ጄስቶር የመሳሰሉት ግን በሙሉ የሚከፈቱት በአብዛኛው በተቋም በኩል ነው። ከዚህ ውጭ የታተመውን መጽሐፍ የሚሻ ሰው ወመዘክር ወይም አብርሆት ወይም ስድስት ኪሎ መሄድ አለበት፤ ሦስቱም አዲስ አበባ ናቸው። የመብራትና የኔትወርኩ ነገር የታወቀ ስለሆነ መምህራን ጽሑፉን አውርደው በፍላሽ እያዞሩ ነው የሚያስነብቡት። የወረዳ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አንድ ኮምፒውተርና በጥንቃቄ የተመረጡ መቶ ጽሑፎች ቢኖሩት የአካባቢው መምህር፣ ዳኛና የባህል ፍርድ ቤት ሽማግሌ ያነበዋል፤ ወጪው አንድ የዎርክሾፕ አበል አያህልም።

የዕርቅ ሰነድ ይኑር ስል ከሽማግሌዎች የሚመጣውን ተቃውሞ ቀላል አድርጌ አላየውም። ዕርቅ ሲያልቅ «ከእንግዲህ አይነሣም» ይባላል። የተጻፈ ነገር ግን ይነሣል፤ የልጅ ልጅ አንብቦት ቂም ሊቆጥር ይችላል። የጉማ ካሣ በዝርዝር መመዝገቡ በወንጀል ችሎት እንደ እምነት ቃል እንዳይቀርብም ያሰጋል። ስለዚህ መጻፍ ያለበት የሰዎቹ ስም አይደለም፤ የነገሩ ዓይነት ነው። ጠቡ በምን ተነሣ፣ ሽማግሌዎቹ እንዴት ተመረጡ፣ ስንት ጊዜ ተቀመጡ፣ ካሣው በምን ተተመነ፣ ሴቶች ተሰሙ ወይ፣ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት በየትኛው ደረጃ ገባ። ይህ በአንድ ገጽ ያልቃል። በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ፣ ለሽማግሌዎቹ ተነቦላቸው፣ እነሱ ይቅር ያሉት ተሰርዞ፣ ቀበሌው ሳይጠቀስ ሊቀመጥ ይችላል።

የሚያስፈጽመው ሰውም ከሩቅ አይመጣም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የእርሻ ትምህርት ቤትና በ1983 የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ተቋም በ1999 ተዋሕደው የፈጠሩት ተቋም፣ ተማሪን ወደ ኅብረተሰቡ አውርዶ በማስተማር የታወቀ ነው። የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ቤት ለቤት እየዞሩ የውኃውን፣ የመጸዳጃውን፣ የክትባቱን ሁኔታ ይመዘግባሉ፤ ለወረዳውም ውጤቱን ያቀርባሉ። የሕግ፣ የሶሲዮሎጂና የፎክሎር ተማሪዎች በዚሁ አሠራር የአንድ የቡና ወቅት ዕርቆችን መመዝገብ ይችላሉ፤ ኅዳር ላይ የተጀመረውን በሚቀጥለው ኅዳር ተመልሰው ሊያዩት ይገባል። እስካሁን ካነበብኳቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚያልቁት በዱዓው ቀን ነው። ያ ዕርቅ ዓመቱን ጸንቶ እንደሆነ፣ ካሣው ተከፍሎ እንደሆነ፣ እህቲቱ ከቡናው አንድ ረድፍ ደርሷት እንደሆነ ተመልሶ የጠየቀ ጥናት ሲታተም የመጀመሪያው ቅጂ ለሰቃ ጨቆርሳ የወረዳ ፍርድ ቤትና ለባህል ፍርድ ቤቱ ሽማግሌዎች መድረስ አለበት።